ለጀማሪ ሠሪ የሚስማማ የጀልባ ንድፍ

በክረምት በጉና ተራራና በዙሪያው ባለው ደጋ የሚዘንበው ዝናብ በርብና በጉማራ ወንዞች ተጠራቅሞ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ በደብረ ታቦር ወይም በገሳይ ደጋ የሚኖር ተማሪ ሐይቁን በዓይኑ አይቶ ባያውቅ እንኳ ከደጁ የሚወርደው ጎርፍ ከጣና ጋር ያዛምደዋል። በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ ሐይቁን እንደ መንገድም እንደ እርሻም ይጠቀምበታል፤ ዓሣ ያጠምድበታል፣ እንጨትና እህል ያጓጉዝበታል፣ ወደ ገዳማቱ ይሻገርበታል።

አሁን በዚህ ዳርቻ የሚኖር አንድ ወጣት አናጺ በሐሳባችሁ ፍጠሩ። መጋዝና መላጊያ መያዝ ያውቃል፤ በርና ሣጥን ሠርቷል፤ ጀልባ ግን ሠርቶ አያውቅም። ከኮምፔንሳቶ፣ ማለትም ፕላይውድ ከሚባለው ስስ ሳንቃ፣ አነስተኛ የሞተር ጀልባ መሥራት ይፈልጋል። የትኛውን ንድፍ ይምረጥ? ጥያቄው የእጅ ሥራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እግሩ የላላ ወንበር የተቀመጠበትን ሰው ቢጥል የሚጥለው መሬት ላይ ነው። ንድፉ ያልተስማማ ጀልባ ግን ባለቤቱን የሚጥለው ከዳርቻው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ምናልባትም ዋና ከማያውቅ ታናሽ ወንድሙ ጋር ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን እንለይ። በጣና ታንኳ ሲባል የሚታወቀው ከደንገል የሚሠራው ነው። የወይጦ ማኅበረሰብ ባለሙያዎች ደንገሉን አጭደው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ነዶ በነዶ እያደረጉ ያስሩታል። ታንኳ ሚስማር የለውም። ውኃ ቢገባበትም ወዲያው አይሰጥም፤ የሚንሳፈፈው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሳይሆን ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነውና። ጉድለቱ ውኃ መጠጣቱ ነው። ደንገሉ ሲርስ እየከበደ ስለሚሄድ ከሥራ በኋላ ከውኃ አውጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ጀልባ የሚለው ስም ደግሞ በቀይ ባሕር ዳርቻ በዐረብኛ ከሚነገረው ስም ጋር አንድ ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቀይ ባሕርን የተሻገረው ተጓዥ ኢብን ጁበይር፣ እነዚያ ጀልባዎች ያለ ሚስማር፣ ከኮኮነት ቃጫ በተገመደ ገመድ ተሰፍተው እንደሚሠሩ ጽፏል። ይህን የስፌት ነገር ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያሠሩባት መንደር መሆኗን ከታሪክ ትምህርት ታውቃላችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ የውኃው ጉዞም ያሳስባቸው ነበር። በ1858 ዓ.ም. በጣና ላይ በግራና በቀኝ ጎኗ በእጅ የሚዞሩ መንኮራኩሮች ያሏት ትልቅ የደንገል ጀልባ ማሠራታቸውን በዘመኑ በአገራችን የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ምሳሌዋ የእንፋሎት መርከብ ነበረች። የሐሳቡን ታላቅነት የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ የጀልባዋ ቅርጽ ከብረትና ከእንፋሎት ዓለም የመጣ ሲሆን አካሏ ደንገል፣ ኃይሏም የሰው ክንድ ነበረ። የዛሬው አናጺም ይኸው ፈተና ይገጥመዋል። በሥዕል ያያት ውብ ጀልባ ለሌላ ውኃ፣ ለሌላ ሞተርና ለሌላ ጭነት ታስባ የተነደፈች ልትሆን ትችላለች። እንግዲህ ምርጫው ከሥዕሉ ሳይሆን ከውኃው ይጀምር።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ስፋቱን የሰማ ሰው በዚያው መጠን ጥልቅ ይመስለዋል። ነገር ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በፎገራ በኩል ዳርቻው ዝርግ ነው፤ ወንዞቹም ደለል ያመጡበታል። ከመስከረም እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ውኃው ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ በጥቅምት ጀልባ የቆመበት ስፍራ በሚያዝያ ጭቃ ወይም ሣር ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው እምቦጭም የጸናው ይበልጡን በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው። ሥሩና ግንዱ በሞተሩ ውልብልቢት ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ታፍኖ ይቆማል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አስቡበት የምለው ነፋሱን ነው። ጧት እንደ መስተዋት ረግቶ የነበረው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ይናወጣል። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውኃ ላይ የሚነሣው ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ጀልባው ከአንዱ ሳይወርድ ሌላው ይደርስበታል። ስለዚህ ለዚህ ዳርቻ የሚመረጠው ንድፍ ብዙ ሳይሰምጥ የሚሄድ፣ ጎኑ ግን ከውኃው በላይ በቂ ከፍታ ያለው፣ ሁለት ሦስት ሰዎች ወደ ደረቅ ሊጎትቱት የሚችሉት ቀላል ጀልባ መሆን ይኖርበታል። ሞተሩም እምቦጭ ወይም ጭቃ ሲያጋጥም ወደ ላይ የሚነሣ ይሁን።

ቀጥሎ ስለ ጀልባው ሆድ፣ ማለትም ከውኃው ጋር ስለሚገናኘው ወለሉ እንነጋገር። በኮምፔንሳቶ የሚሠሩ ትናንሽ ጀልባዎች በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት አንዱ ናቸው። አንደኛው ወለሉ ዝርግ የሆነው ነው። ሁለተኛው ወለሉ ከመካከል ወደ ታች ሾሎ እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ጀርባ የሆነው ነው። ሾጣጣው ማዕበሉን እየሰነጠቀ ስለሚሄድ ተሳፋሪውን አያንገላታም። ይሁን እንጂ ይበልጥ ይሰምጣል፤ ሳንቃዎቹም ወደ ፊት በኩል እየተጠመዘዙ መገጠም አለባቸው። ዝርጉ ጥልቀት በሌለው ውኃ ይሄዳል፣ ቆሞ መረብ ለሚስብ ሰውም በቀላሉ አይወዛወዝም። ጉድለቱ ማዕበል ሲመጣ ውኃውን በጥፊ እንደሚመታ ሰው ጧ ጧ ማለቱ ነው።

የመጠምዘዙን ነገር ለመረዳት አንድ ወረቀት ውሰዱ። ወረቀቱን ጠቅልላችሁ እንደ ቧንቧ ማድረግ ትችላላችሁ፤ እንደ ጆንያ አፍም ሾጣጣ አድርጋችሁ ልትጠቀልሉት ትችላላችሁ። እንደ ጣባ ሆድ ሊጎደጉድ ግን አይችልም፤ አስገድዳችሁ ብትጫኑት ይጨማደዳል። ሰፌድ የምትሰፋ እናት ክብ ነገር የምታወጣው ስንደዶውንና አክርማውን ጥቂት በጥቂት እያዞረች ስለምትሰፋ ነው። ኮምፔንሳቶ ግን ጠባዩ እንደ ወረቀቱ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ይታጠፋል፤ በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት አቅጣጫ ላጉብጥህ ቢሉት ይሰነጠቃል። ስለሆነም ጥሩ የኮምፔንሳቶ ንድፍ ማለት ገና በወረቀት ላይ ሳለ ይህን ጠባይ አክብሮ የተነደፈ ነው። የብረት ወይም የፋይበር ጀልባን ቅርጽ አይቶ በኮምፔንሳቶ ለመድገም የሚሞክር ጀማሪ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ለመጀመሪያ ሥራ ዝርጉን ወለል እመርጣለሁ። ምክንያቱን በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ኮምፔንሳቶ ወርዱ 1.22 ሜትር፣ ርዝመቱ 2.44 ሜትር ነው። ሁለቱን በርዝመት ብትቀጥሏቸው 4.88 ሜትር ይሆናሉ። ይህን ቅጥል በርዝመቱ ለሁለት ብትሰነጥቁት 61 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሁለት ሳንቃዎች ታገኛላችሁ፤ እነዚህ ግራና ቀኝ ጎን ይሆናሉ። ሌሎች ሁለት ኮምፔንሳቶዎች በተመሳሳይ መንገድ ተቀጥለው ወለሉን ይሸፍናሉ። አምስተኛው ለኋላው ሳንቃና ለመቀመጫዎቹ ይውላል። በአምስት ኮምፔንሳቶ 4.7 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጀልባ ይወጣል ማለት ነው፤ ለብክነት የሚተርፈውም ጥቂት ነው። ርዝመቱ 5.2 ሜትር የሆነ ሌላ ንድፍ በሥዕል ብዙም የተለየ አይመስልም። ነገር ግን ከሁለት ሳንቃ ቅጥል ስለሚያልፍ ተጨማሪ መጋጠሚያና ተጨማሪ ኮምፔንሳቶ ይጠይቃል።

ይህ ጀልባ ምን ያህል ይሸከማል? በፊዚክስ ትምህርት የተማራችሁት የአርኪሜደስ ሕግ ተንሳፋፊ አካል ከራሱና ከጭነቱ ክብደት ጋር እኩል የሆነ ውኃ እንደሚገፋ ያስተምራል። ውኃውን የሚነካው የወለሉ ርዝመት 4.4 ሜትር፣ ወርዱ በሰፊው ቦታ 1.2 ሜትር ነው እንበል። ፊቱ ስለሚሾል የአራት ማዕዘኑን ሦስት አራተኛ ብቻ ብንወስድ 4 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ጀልባው አንድ ሳንቲ ሜትር በሰመጠ ቁጥር 40 ሊትር፣ ማለትም 40 ኪሎ ግራም ውኃ ይገፋል። የጀልባው አካል 100 ኪሎ፣ ሞተሩ 25፣ ነዳጁ 10፣ መረብ፣ ገመድና መቅዘፊያ 25፣ ሦስት ሰዎች 195፣ የተያዘው ዓሣ 80 ቢሆን ድምሩ 435 ኪሎ ነው። ይህ በ40 ሲካፈል ጀልባው 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰምጣል። ጎኑ ጥቂት ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል ከፍታው 55 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከውኃው በላይ 44 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። መልካም ነው። ነገር ግን በገበያ ቀን «አንድ ሰው ብቻ ጨምሩ» እየተባለ አራት ሰዎች ቢታከሉ ጎኑ ከስድስት ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሰዎች በአንድ ወገን ሲቀመጡና የከሰዓቱ ማዕበል ሲመጣ ልዩነቱ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ንድፍ የሚገዛ ወይም የሚዋስ ሰው የጭነቱ ልክ በግልጽ ያልተጻፈበትን ወረቀት ይመልሰው።

ወደ ሞተሩ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1986 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና የኔዘርላንድ በጎ አድራጊዎች የተሳተፉበት የዓሣ ሀብት ፕሮጀክት የሞተር ጀልባንና የናይለን መረብን ለጣና ዓሣ አጥማጆች አስተዋወቀ። ከዚያ በፊት በታንኳ ከዳርቻው ብዙ የማይርቀው አጥማጅ ሩቅ ሄዶ መመለስ ቻለ። (ሩቅ መሄድ መቻሉም ነጭ ዓሣን ጎድቷል። ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሲወጣ በወንዞቹ አፍ ላይ የሚጠብቀው መረብ በዛበት። ይህ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል።) ሞተር ሲነሣ ጀማሪው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ፍጥነት ያስፈልገኛል?» ብሎ ነበር።

ውኃውን እየገፋ የሚሄድ ጀልባ ራሱ በሚያስነሣው ማዕበል የተገደበ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት በኪሎ ሜትር ሲለካ በውኃው ላይ ያለው ርዝመቱ በሜትር ተወስዶ፣ ስኩዌር ሩቱ በ4.5 ሲባዛ ከሚገኘው ብዙ አያልፍም። ለእኛ ጀልባ የ4.4 ስኩዌር ሩት 2.1 ነው፤ በ4.5 ሲባዛ 9.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህም በፈጣን እርምጃ ከሚሄድ ሰው እጥፍ ለማለት ትንሽ የቀረው ነው። ለዚህ ፍጥነት አምስት የፈረስ ጉልበት በቂ ነው። ከዚህ ልቆ ለመብረር ጀልባው ከማዕበሉ ላይ ወጥቶ በውኃው ገጽ መንሸራተት አለበት። ለዚህም በግምት ለያንዳንዱ 23 ኪሎ ክብደት አንድ የፈረስ ጉልበት ይጠየቃል። 435 ኪሎን በ23 ብናካፍል 19 የፈረስ ጉልበት ይሆናል።

ከፍታውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ ሦስት ያህል ያጣል። በጣና ከፍታ ይህ ከመቶ አሥራ ስምንት ይሆናል። በባሕር ዳር አገር 19 የፈረስ ጉልበት የሚበቃው ሰው በጣና 23 ገደማ ሊገዛ ነው። ትልቅ ሞተር ይከብዳል፤ የኋላውን ሳንቃ ይጎትታል፤ ነዳጅ ይጠጣል። ለአምስት የፈረስ ጉልበት የተነደፈ ዝርግ ጀልባ ላይ ሃያ መስቀል ደግሞ በአህያ ጀርባ የግመል ጭነት መጫን ነው። ዝግ ብሎ የሚሄደው ጀልባ ግን ከአምስት አራት ቢቀርለትም ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው የመብረርን ሐሳብ ለሁለተኛው ጀልባ ያቆየው።

አሁን ወደ ስፌቱ እንመለስ። የኮምፔንሳቶ ሳንቃዎችን ለመገጣጠም ሁለት ስልቶች አሉ። አንዱ ከቀይ ባሕሩ ጀልባ ጋር የሚመሳሰል ነው። የሳንቃዎቹ ጠርዝ ይበሳና በመዳብ ሽቦ ይሰፋል፤ ከዚያም መጋጠሚያው በሙጫና በመስታወት ቃጫ ጨርቅ ይታሸጋል። እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዝ አገር ሚረር የተባለችው ትንሽ የሸራ ጀልባ ይህን ስልት በሰፊው አስተዋወቀች፤ ከዚያ ወዲህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እኅቶቿ ተሠርተዋል፤ ብዙዎቹን የሠሩት ከዚያ በፊት ጀልባ ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው ስልት በውስጥ በኩል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጭን አውታር እንጨት አስገብቶ፣ ሳንቃዎቹን በእርሱ ላይ በሙጫና በማይዝግ ቪቴ ማሰር ነው።

በመጀመሪያው ስልት የሚሠራው ጀልባ ቀላልና ውብ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ኢፖክሲ የተባለውን ሙጫ በብዛት ይፈልጋል። ይህ ሙጫ ውድ ነው፤ ብርድ ሲያገኘውም ለመድረቅ ይዘገያል። በደብረ ታቦር ሌሊት የተቀባ ሙጫ ጧት እንደ ማር ተለጥጦ ሊገኝ ይችላል። መጋዝና መላጊያ ለሚያውቀው አናጺያችን ሁለተኛው ስልት ይሻላል። እንጨቱን ያውቀዋል፤ ሲሳሳትም ቪቴውን ፈትቶ ያርማል። የደረቀ ሙጫ ግን እርማት አይቀበልም። ለአውታሩ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበትና በደንብ የደረቀ ጽድ ወይም ዋንዛ ይስማማል። ሥራውም በበጋ ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ኮምፔንሳቶው ጥራት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኮምፔንሳቶ ስስ የእንጨት ልጣጮች ጭረታቸው እርስ በርሱ እንዲሻገር ተደርጎ በሙጫ የተለጠፉበት ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ የአንዱ ሙጫ ግን ለቤት ዕቃ ብቻ የተሠራ ሲሆን የሌላው ውኃ የሚችል ነው። ለመለየት መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለጥቂት ሰዓታት መቀቀል፣ ማድረቅ፣ እንደገና መቀቀል ነው። ልጣጮቹ እንደ ቆጮ ቅጠል ከተገለጡ ያ ኮምፔንሳቶ ለጣራ ሥር እንጂ ለጀልባ አይሆንም። (የሙጫው ነገር ከምግብ ጋር ስለማይስማማ እናታችሁ ወጥ የምትሠራበትን ድስት አትውሰዱ፤ አሮጌ ጣሳ ይበቃል።) ቁራጩንም ከጠርዙ በኩል ተመልከቱት። በመካከለኛው ልጣጭ ውስጥ ባዶ ክፍተት ካለ ውኃ ተጠራቅሞ ከውስጥ ያበሰብሰዋል፤ ቀለሙም እስከ መጨረሻው ቀን ሸፍኖት ይቆያል።

እንግዲህ አናጺያችን ንድፉን መረጠ እንበል። ቶሎ ብሎ ኮምፔንሳቶውን ባይቆርጥ ይሻለዋል። በንድፉ ላይ ያለውን እያንዳንዱን 10 ሳንቲ ሜትር ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ቀንሶ ከካርቶን አምሳያውን ይሥራ። ጎኖቹ 48.8 በ6.1 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ማጣበቂያና መቀስ ይበቃሉ። እናንተም በክፍላችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ካርቶኑ አልታጠፍ ያለበት ቦታ ኮምፔንሳቶውም አይታጠፍም። የካርቶን ስሕተት የሚያስከፍለው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ንድፉን እንዳለ መከተል ነው። «ወርዱን ትንሽ ልቀንስ፣ ፊቱን ላሹለው» የሚለው ሐሳብ የመጣበት ጀማሪ የወለሉን ስፋት ቀይሯልና የጭነቱን ስሌት ከመጀመሪያው መሥራት ይኖርበታል።

አንድ ነገር ቀርቷል። የታንኳው ደንገል ራሱ ይንሳፈፋል ብለናል። ኮምፔንሳቶም እንጨት በመሆኑ ይንሳፈፋል፤ ውኃ የሞላበት ጀልባ ግን ሞተሩ በኋላ በኩል ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ በመቀመጫዎቹ ሥር ክዳናቸው በደንብ የተዘጋ ባዶ ጀሪካኖች አጥብቆ ማሰር ይገባል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ውስጥ 19 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ከኋላ ሁለት፣ ከመካከል ሁለት፣ ከፊት አንድ ቢታሰሩ የተገለበጠው ጀልባ እንኳ የሚይዙት ነገር ሆኖ ይቆያል። ደንገሉ ለታንኳው የሰጠውን ዋስትና ጀሪካኑ ለጀልባው ሰጠ ማለት ነው።

ጀልባው ቀለሙ ደርቆ ወደ ሐይቁ በሚወርድበት ቀን ሰው አይሳፈርበትም። በጧት፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ይንሳፈፍና አሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች አንድ በአንድ ይጫኑበታል። በስሌት የተገኘው 435 ኪሎ ሲሞላ ውኃው በጎኑ የደረሰበት ቦታ በቀይ ቀለም ይሰመራል። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ማን ይሳፈር፣ ማን ይቅር የሚለውን ክርክር የሚዳኘው ያ መስመር ነው።